የርቀት ቢሮ ስልኮችን በኢንተርኔት ለማገናኘት ኔትወርኩ ምን ማሟላት አለበት?

በዋናው ቢሮ ያለ የስልክ ማዞሪያ የቅርንጫፍ ቢሮንም ሆነ ከቤቱ የሚሠራን ሰው ስልክ በኢንተርኔት በኩል እንደ ውስጥ መስመር ሊያስተናግድ ይችላል። ስልኩ ይሰካል፣ የማዞሪያው አድራሻ፣ የመስመሩ ቁጥርና የይለፍ ቃሉ ይገባበታል፣ ይመዘገባል፣ ይደወላል። ጣጣው የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ድምፅ ይቆራረጣል፤ አንዱ ሲሰማ ሌላው አይሰማም፤ ጥሪው ልክ 32 ሰከንድ ሲሞላ ይቋረጣል፤ ከቅርንጫፉ መደወል ይቻላል፣ ወደ ቅርንጫፉ ሲደወል ግን ስልኩ አይጠራም።

እንዲህ ሲሆን ብዙ መሥሪያ ቤት በመጀመሪያ የሚያደርገው ፈጣን ኢንተርኔት መግዛት ነው። ገንዘቡ ይወጣል፣ ችግሩ ግን እዚያው ይቀራል፤ ድምፅ የሚፈልገው አቅም ትንሽ ነውና። አጥብቆ የሚፈልገው ሁለት ነገር ነው፦ አፕሎዱ (ዳታ ወደ ውጭ የሚላክበት አቅም) ሳይጨናነቅ እንዲቆይለት፣ ራውተሩም ፓኬቶቹን (ድምፁ ተቆራርጦ የሚጓዝባቸውን የዳታ እሽጎች) ሳይነካካና መንገዳቸውን ሳይረሳ እንዲያሳልፍለት። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እነዚህን ሁለቱን ለማሟላት የሚረዳ ነው። ማዞሪያው አስተሪስክ ወይም ፍሪስዊች የተባለው ሶፍትዌር ይሁን ወይም በክላውድ ላይ የተከራዩት አገልግሎት፣ ሲፕን (ስልኮች የሚመዘገቡበትንና ጥሪ የሚጀምሩበትን የመልእክት ደንብ) እስከተጠቀመ ድረስ ነገሩ አንድ ነው።

የአቅም ስሌት

ጂ.711 የተባለው ኮዴክ፣ ማለትም ድምፅን ወደ ዳታ የሚለውጥ ዘዴ፣ ድምፁን በሰከንድ 64 ኪሎቢት አድርጎ ያዘጋጃል። ወደ መስመሩ የሚወጣው ግን ከዚያ ይበልጣል። ስልኩ ንግግሩን በየ20 ሚሊሰከንዱ እየቆረጠ 160 ባይት በያዘ ፓኬት ይልከዋል፤ በሰከንድ 50 ፓኬት መሆኑ ነው። በእያንዳንዱ ፓኬት ላይ ድምፁን የሚያጓጉዙት ደንቦች አርዕስት፣ ማለትም የአርቲፒ 12፣ የዩዲፒ 8 እና የአይፒ 20 ባይት፣ ይጫንበታል። 200 ባይት የሆነው ፓኬት በሰከንድ 50 ጊዜ ሲላክ 80 ኪሎቢት ይወስዳል፤ የኤተርኔቱ 18 ባይት ሲታከልበት 87.2 ይሆናል። ይህ የአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። ተነጋጋሪው የሚልከው ሌላ 87.2 ኪሎቢት በዳውንሎዱ ይገባል።

ጂ.729 ንግግሩን ወደ 8 ኪሎቢት ስለሚጨምቀው ስምንት እጥፍ የሚቆጥብ ይመስላል። ነገር ግን በአንዱ ፓኬት ውስጥ ያለው ድምፅ 20 ባይት ሲሆን አርዕስቱ ያው 40 ባይት ነው። በኤተርኔት ላይ ሲወጣ 31.2 ኪሎቢት ስለሚሆን ቁጠባው ሦስት እጥፍ እንኳ አይሞላም። ጂ.722 የሚወስደው ልክ የጂ.711ን ያህል ነው፣ ድምፁ ግን በግልጽ የጠራ ነው፤ አፕሎዱ ከፈቀደ በውስጥ መስመሮች መካከል እሱን ይምረጡ። ኦፐስ ከ6 እስከ 510 ኪሎቢት ድረስ እንደ መስመሩ ሁኔታ ሊስተካከል ይችላል፤ ፓኬት ሲጠፋም የተሻለ ይቋቋማል። ስልኩም ማዞሪያውም የሚደግፉት ከሆነ ለደካማ መስመር የመጀመሪያው ምርጫ እሱ ነው።

ቪፒኤን (በኢንተርኔት ውስጥ የሚዘረጋ የተመሰጠረ የግል መስመር) የራሱን ክብደት ይጨምራል። ዋየርጋርድ የተባለው ቪፒኤን በአይፒ ስሪት 4 ላይ ለእያንዳንዱ ፓኬት 60 ባይት፣ ከዚያም ማሟያ ጥቂት ባይቶች ያክላል። የጂ.711 ጥሪ ከነኤተርኔቱ ወደ 114 ኪሎቢት ከፍ ይላል፤ የጂ.729 ደግሞ ወደ 57 ይደርሳል፣ በእጥፍ አደገ ማለት ይቻላል። ድምፁን ብቻ የሚመሰጥረው ኤስአርቲፒ በአንጻሩ ቀላል ነው፤ በአንድ ፓኬት 10 ባይት፣ በአንድ ጥሪ 4 ኪሎቢት ብቻ።

ለእቅድ የሚመቹ ቁጥሮች እነዚህ ናቸው፦ በጂ.711 ለአንድ ጥሪ በየአቅጣጫው 100 ኪሎቢት፣ በቪፒኤን ውስጥ 120። በጂ.729 ደግሞ 40፣ በቪፒኤን ውስጥ 60። የሚባዙት በስልኮቹ ብዛት ሳይሆን በአንድ ጊዜ በሚካሄዱት ጥሪዎች ብዛት ነው። አሥር ስልክ ያለው ተራ ቢሮ በሥራ ሰዓት ከአራት በላይ ጥሪ በአንዴ የማያደርግ ሊሆን ይችላል፤ የደንበኞች ጥሪ ማዕከል ከሆነ ግን አሥሩም በአንድ ጊዜ ይያዛሉ። ከተገኘው ድምር በላይ ሌላውን ሥራ የሚሸከም አቅም ያስፈልጋል። ለድምፅ የሚያዘው የአፕሎዱ አንድ ሦስተኛ ገደማ ሲሆን እረፍት ያለው አሠራር ይሆናል።

ስሌቱ ላይ ሦስት ወጥመዶች አሉ። አንደኛው፣ በቅርንጫፉ ያሉ ሁለት ስልኮች እርስ በርስ ሲደዋወሉ ድምፁ ብዙውን ጊዜ እስከ ማዞሪያው ሄዶ ነው የሚመለሰው። በአንድ ክፍል ውስጥ ያሉ ሁለት ሰዎች ያደረጉት ጥሪ በቅርንጫፉ አፕሎድ ላይ የሁለት ጥሪ ቦታ ይይዛል። ሁለተኛው፣ ማዞሪያው በዋናው ቢሮ ካለና የውጭ መስመሩም በኢንተርኔት የሚመጣ ከሆነ፣ ከቅርንጫፉ ወደ ውጭ የሚደረግ እያንዳንዱ ጥሪ በዋናው ቢሮ መስመር ላይ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል፤ አንዴ ከቅርንጫፉ ጋር፣ አንዴ ከአገልግሎት ሰጪው ጋር። ቅርንጫፍ በጨመሩ ቁጥር መጀመሪያ የሚታነቀው የዋናው ቢሮ አፕሎድ የሚሆነው ለዚህ ነው። ሦስተኛው፣ ስልኩ ራሱ ሦስት ሰው ሲያገናኝ ድምፆቹን የሚቀላቅለው እዚያው ስለሆነ የሁለት ጥሪ አቅም ይጠይቃል።

መዘግየት፣ ጂተር፣ የፓኬት መጥፋት

የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ጂ.114 በተባለው ምክረ ሐሳቡ ከአፍ እስከ ጆሮ ያለው የአንድ አቅጣጫ መዘግየት ከ150 ሚሊሰከንድ በታች ሲሆን አብዛኛው ንግግር እንደማይጎዳ፣ ከ400 በላይ ሆኖ ኔትወርክ መታቀድ እንደሌለበት ያስቀምጣል። ከዚህ 150 ውስጥ ፓኬቱን ለመሙላት 20፣ ለጂተር ማቆያው (ተዛንፈው የሚደርሱ ፓኬቶችን ለሚያስተካክለው) ከ40 እስከ 60 ሚሊሰከንድ ያህል ስልኮቹ ራሳቸው ስለሚወስዱት ለኢንተርኔቱ የሚተርፈው 70 ወይም 80 ነው። በፒንግ (ፓኬት ልኮ መልሱ እስኪመጣ ያለውን ጊዜ በሚለካ ትእዛዝ) ሲለካ የደርሶ መልስ ጊዜው ከ150 ሚሊሰከንድ በታች ሊሆን ይገባል ማለት ነው። ከምድር 36,000 ኪሎሜትር ገደማ ርቆ በሚቆም ሳተላይት የሚመጣ ኢንተርኔት፣ ሬዲዮ ሞገዱ ወጥቶ እስኪወርድ ብቻ 240 ሚሊሰከንድ ስለሚፈጅ ይህን ልኬት አያሟላም። በእንዲህ ያለ መስመር ተናጋሪዎቹ አንዱ በሌላው ላይ እየተደራረቡ ያወራሉ፤ ምንም ዓይነት የራውተር ማስተካከያ አያድነውም።

ጂተር ማለት ፓኬቶቹ በየ20 ሚሊሰከንዱ ተልከው ሲደርሱ ግን ርቀታቸው ሲዛነፍ ነው። ከ30 ሚሊሰከንድ በታች ይሁን። የፓኬት መጥፋት ከ1 በመቶ በታች መሆን አለበት። 1 በመቶ ትንሽ ቢመስልም በሰከንድ 50 ፓኬት በሚሄድበት መስመር በየሁለት ሰከንዱ አንድ ፓኬት ጠፋ ማለት ነው። የጠፉት ተበታትነው ከሆነ ስልኩ ይሸፍናቸዋል፤ ተከታትለው አሥር ከጠፉ ግን አንድ ሙሉ ቃል ይዋጣል። ስለዚህ አማካዩ ላይ ብቻ አይተማመኑ።

በድረ ገጽ የሚሠራ የፍጥነት መለኪያ ለዚህ ጉዳይ የሚነግርዎ ጥቂት ነው። ለጥቂት ሰከንድ ብዙ ዳታ ገፍቶ ከፍተኛውን ፍጥነት ያሳያል እንጂ መስመሩ በየመሐሉ መንተክተኩን አያሳይም። በዚህ ፋንታ፣ ስልኩ በሚቀመጥበት ቦታ ኮምፒውተር በኬብል ሰክተው ወደ ማዞሪያው አድራሻ ፒንግ ያድርጉ። የፓኬቱን መጠን 172 ባይት ያድርጉት፤ የፒንጉና የአይፒው 28 ባይት ሲጨመርበት ልክ የጂ.711 ፓኬት የሚያህል 200 ባይት ይሆናል። ቢያንስ 300 ፓኬት ይላኩና አማካዩን ብቻ ሳይሆን ትልቁን ቁጥር ይመልከቱ። አማካዩ 40፣ ትልቁ 900 ከሆነ መስመሩ ለድምፅ ገና አልተዘጋጀም።

ከፒንግ የሚሻለው አይፐርፍ3 የተባለው የመስመር መለኪያ ፕሮግራም ነው፤ በሁለቱም ጫፍ ኮምፒውተር ይፈልጋል፣ በመደበኛው አሠራር ፖርት (ፕሮግራሙ ዳታ የሚቀበልበት የበር ቁጥር) 5201 በቲሲፒም በዩዲፒም ክፍት መሆን አለበት። በዩዲፒ ስልት፣ በ172 ባይት ፓኬት፣ ለአንድ ጥሪ በሰከንድ 68.8 ኪሎቢት አድርገው ያስኬዱት። ለአምስት ጥሪ 344 ኪሎቢት ይሆናል። በመጨረሻ ጂተሩንና የጠፋውን በመቶኛ ይነግርዎታል። በግልባጭ አቅጣጫም ይድገሙት፤ በአንድ አቅጣጫ ጤነኛ የሆነ መስመር በሌላው ሊታመም ይችላል። ልኬቱን ማታ ቢሮው ባዶ ሲሆን ማድረግ ዋጋ የለውም። ሠራተኞች ፋይል በሚልኩበት፣ የቪዲዮ ስብሰባ በሚያደርጉበት ሰዓት ይለኩ።

አፕሎዱ ሲታፈን

ድምፅን ከሁሉ በላይ የሚያበላሸው ይህ ስለሆነ ጊዜ ሊሰጠው ይገባል። አንድ ኮምፒውተር የመጠባበቂያ ቅጂ ወደ ክላውድ ሲጭን አፕሎዱን ሞልቶ ይይዘዋል፤ ራውተሩም ወይም ሞደሙ የተረፈውን ፓኬት በወረፋ ያከማቻል። ወረፋው 256 ኪሎባይት የሚይዝ ከሆነና አፕሎዱ 2 ሜጋቢት ከሆነ፣ ወረፋው እስኪራገፍ 1 ሰከንድ ያህል ይፈጃል። የድምፅ ፓኬቱ ከዚያ ወረፋ ጀርባ ይቆማል። አልጠፋም፣ ግን አንድ ሰከንድ ዘግይቶ የደረሰ ድምፅ ከጠፋ አይለይም፤ ስልኩ ይጥለዋል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ በቅርንጫፉ ያለው ሰው ዋናውን ቢሮ ጥርት አድርጎ ይሰማል፣ ዋናው ቢሮ ግን እሱን የሚሰማው እየተቆራረጠ ነው።

መድኃኒቱ ወረፋው በሞደሙ ውስጥ ሳይሆን እርስዎ በሚያዙበት ራውተር ውስጥ እንዲፈጠር ማድረግ ነው። በሥራ ሰዓት የለኩትን እውነተኛ አፕሎድ ይውሰዱና በራውተሩ ላይ የፍጥነት ገደቡን ከ85 እስከ 90 በመቶው ላይ ያስቀምጡ። በውል የተጻፈውን ፍጥነት አይጠቀሙ፤ የተለካውን ነው። ከዚያ ለድምፅ ፓኬቶች ቅድሚያ ይስጡ፣ ወይም ራውተሩ ኤፍኪው ኮደል ወይም ኬክ የሚባሉትን የወረፋ አያያዞች የሚያውቅ ከሆነ እነሱን ያብሩ። እነዚህ ሁለቱ ምንም ዝርዝር ሕግ ሳይጻፍላቸው ቀጭኑን የድምፅ ጅረት ከወፍራሙ የፋይል ጅረት ለይተው ያሳልፉታል፤ ለትንሽ ቢሮ ከተወሳሰበ የቅድሚያ ሕግ ይልቅ እነሱ የተሻሉ ናቸው። ያለ ገደቡ ግን ቅድሚያ መስጠት ብቻውን አይሠራም፤ ራውተሩ መስመሩ መሙላቱን የሚያውቅበት መንገድ የለውምና።

ቅድሚያ በምልክት የሚሰጥ ከሆነ ስልኩ የድምፅ ፓኬቱን በዲኤስሲፒ (በፓኬቱ አርዕስት ላይ የሚጻፍ የቅድሚያ ቁጥር) 46፣ የሲፕ መልእክቱን በ24 ወይም በ26 እንዲያትም ያድርጉት። አንዳንድ ስልክ ላይ የሚሞላው ሳጥን የሚጠይቀው ሙሉውን ባይት ነው፤ እዚያ ለድምፅ የሚገባው 184 ነው። ይህ ምልክት የሚከበረው በእርስዎ ራውተርና ስዊች ላይ ነው። ክፍት ኢንተርኔት ውስጥ ከገባ በኋላ የሚያየው አይኖርም፤ ብዙዎች ኢንተርኔት አቅራቢዎች ያጠፉታል። ሆኖም መጨናነቁ በአብዛኛው የሚፈጠረው በራስዎ አፕሎድ ላይ ስለሆነ ጥቅሙ አይቀንስም።

መስመሩ በጣም ቀጭን ከሆነ ሌላም ነገር አለ። በ512 ኪሎቢት አፕሎድ ላይ አንድ የ1500 ባይት ፓኬት ወጥቶ እስኪያልቅ 23 ሚሊሰከንድ ይወስዳል። ቅድሚያ የተሰጠው የድምፅ ፓኬት እንኳ የተጀመረው እስኪያልቅ ይጠብቃል። ከ1 ሜጋቢት በታች በሆነ አፕሎድ ላይ ስልክና ኮምፒውተር ማጋራት የማይመከረው ለዚህ ነው።

የቅርንጫፉ ራውተር

በመጀመሪያ አንድ የተለመደ ስህተት እናስወግድ፦ በቅርንጫፉ በኩል ምንም ፖርት ወደ ውስጥ መክፈት አያስፈልግም። ግንኙነቱን የሚጀምረው ስልኩ ነው። ፋየርዎሉ ወደ ውጭ የሚሄደውን የሚገድብ ከሆነ ብቻ ወደ ማዞሪያው አድራሻ የሲፕ ፖርቱን፣ የድምፁን የዩዲፒ ፖርቶች፣ እንዲሁም ለስም ፍለጋ 53፣ ለሰዓት 123፣ ለውቅር ማውረጃ 443 ይፍቀዱ። ሰዓቱ ቀላል ነገር አይምሰልዎ። ትክክለኛ ሰዓት ያላገኘ ስልክ የማዞሪያውን ሰርተፍኬት ጊዜው ያላለፈበት መሆኑን ማረጋገጥ ስለማይችል በቲኤልኤስ (የሲፕ መልእክቱን በሚመሰጥረው ደንብ) መመዝገብ እምቢ ይላል፣ የሚያሳየውም መልእክት ስለ ሰዓት አንዳች አይጠቅስም።

ቀጥሎ ሲፕ ኤኤልጂን ያጥፉ። ይህ በብዙ ራውተሮች ላይ ከፋብሪካ በርቶ የሚመጣ ክፍል በሲፕ መልእክት ውስጥ የተጻፉትን አድራሻዎች ለመርዳት ብሎ ይለውጣል። ዛሬ ማዞሪያዎቹ ራሳቸው ይህን ስለሚያስተካክሉ ሁለት አራሚ አንድ ደብዳቤ ላይ ሲጽፉ የሚፈጠረው ዓይነት ብልሽት ይመጣል፦ ምዝገባ ይወድቃል፣ ጥሪ ማዛወር አይሠራም፣ ድምፅ በአንድ ወገን ይጠፋል። በሚክሮቲክ ራውተር ከፋየርዎሉ ስር ሰርቪስ ፖርትስ በሚለው ውስጥ ሲፕ የሚለውን በማጥፋት ነው፤ በሲስኮ ኤኤስኤ ኢንስፔክት ሲፕ የሚለውን መስመር በማንሳት። ካጠፉ በኋላ ራውተሩን እንደገና ያስነሱት፤ የድሮው ግንኙነት በማስታወሻው እንዳለ ከቀረ ለውጡ ያልሠራ ይመስላል። ኤኤልጂውን ማጥፋት የማይቻልበት ራውተር ከሆነ ስልኩን ወደ ቲኤልኤስ ያዛውሩት፤ የተመሰጠረውን መልእክት ራውተሩ ማንበብ ስለማይችል ሊለውጠውም አይችልም።

ከዚያ የራውተሩ ትዝታ አለ። ራውተሩ የውስጥ አድራሻን በውጭ አድራሻ ሲለውጥ፣ ማለትም ኤንኤቲ ሲሠራ፣ የትኛው ፖርት የማን እንደሆነ በሰንጠረዥ ይይዛል፤ ለጥቂት ጊዜ ምንም ካላለፈበት ግን መስመሩን ይሰርዘዋል። በሊኑክስ ላይ የተሠሩ ራውተሮች መልስ ያላየ የዩዲፒ ግንኙነትን በተለምዶ ከ30 ሰከንድ በኋላ ይረሱታል። ስልኩ በየሰዓቱ አንዴ ብቻ የሚመዘገብ ከሆነ በመሐሉ ከማዞሪያው የሚመጣ ጥሪ በሩ ተዘግቶ ያገኘዋል። ስልኩ ግን ተመዝግቤያለሁ ይላል፣ ወደ ውጭ መደወልም ይችላል። ማስተካከያው በስልኩ ላይ ኪፕ አላይቭን (መንገዱ እንዳይዘጋ የሚላከውን ትንሽ መልእክት) አብርቶ በየ25 ሰከንዱ እንዲልክ ማድረግ፣ የምዝገባውን ዕድሜ ደግሞ ወደ 120 ሰከንድ ማሳጠር ነው።

በአንድ ራውተር ስር ብዙ ስልኮች ካሉና አንዳንዶቹ የሌላውን ጥሪ ሲቀበሉ ወይም ምዝገባቸው ሲገፋፋ ከታየ፣ ለእያንዳንዱ ስልክ የተለየ የውስጥ ሲፕ ፖርት ይስጡ፤ 5062፣ 5064፣ 5066 እያሉ። ሁለት የኢንተርኔት መስመር እያፈራረቀ የሚጠቀም ራውተር ከሆነም ድምፁን በአንዱ መስመር ላይ ያስሩት። ምዝገባው በአንዱ፣ ድምፁ በሌላው ከወጣ ማዞሪያው ከማያውቀው አድራሻ የመጣ አድርጎ ይጥለዋል።

የዋናው ቢሮ ወገን

ማዞሪያው በእርስዎ ግቢ ውስጥ ከሆነ ቋሚ የሕዝብ አይፒ አድራሻ ያስፈልገዋል። የራውተርዎ የውጭ አድራሻ ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው የሚጀምር ከሆነ ኢንተርኔት አቅራቢው ለብዙ ደንበኛ አንድ አድራሻ እያጋራ ነው፤ ፖርት ቢከፍቱም ከውጭ የሚመጣ አይደርስዎትም። ቋሚ አድራሻ ይጠይቁ፣ ካልተቻለ ማዞሪያውን የሕዝብ አድራሻ ባለው ሰርቨር ላይ ያስቀምጡት። ለቅርንጫፉ ግን እንዲህ ያለ የተጋራ አድራሻ ችግር አይደለም።

የሚከፈቱት ፖርቶች ጥቂት ናቸው። ለሲፕ በቲኤልኤስ ቲሲፒ 5061፣ ያለ ምስጠራ ከሆነ 5060። ለድምፅ የዩዲፒ ተርታ፤ አስተሪስክ ከነናሙና ውቅሩ ከ10000 እስከ 20000፣ ፍሪስዊች ከ16384 እስከ 32768 ይጠቀማል። እያንዳንዱ የድምፅ ጅረት ለራሱ አንድ ተጋማሽ ቁጥር ያለው ፖርት፣ ለመቆጣጠሪያው ተከታዩን ስለሚይዝ በማዞሪያው ውስጥ የሚያልፍ አንድ ጥሪ አራት ፖርት ይፈጃል። ለ50 ጥሪ 200 ፖርት ማለት ነው፤ እጥፉን ቢከፍቱ ይበቃል። በማዞሪያው የተጻፈው ተርታና በፋየርዎሉ የተከፈተው ተርታ አንድ መሆኑን ደግመው ያረጋግጡ። የተወሰኑ ጥሪዎች ብቻ፣ ያለ ምንም ሥርዓት፣ ድምፅ አልባ የሚሆኑት አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱ ሲለያዩ ነው።

ማዞሪያው ራሱ ከራውተር ኋላ ስለሆነ የውጭ አድራሻውን ሊነገረው ይገባል፤ አለበለዚያ ለቅርንጫፉ ስልክ ድምፅህን ወደ 192.168 አድራሻ ላክ ይለዋል፣ ያ አድራሻ ደግሞ በኢንተርኔት ላይ የለም። የአስተሪስክ የሲፕ ክፍል በሆነው ፒጄሲፕ ውስጥ ኤክስተርናል ሚዲያ አድሬስና ኤክስተርናል ሲግናሊንግ አድሬስ የሚሉትን በውጭ አድራሻው፣ ሎካል ኔት የሚለውን በውስጥ ኔትወርኮችዎ ይሙሉ። ለእያንዳንዱ የርቀት ስልክ ደግሞ አርቲፒ ሲሜትሪክ፣ ፎርስ አርፖርትና ሪራይት ኮንታክት ይብሩ፤ ዳይሬክት ሚዲያ ይጥፋ። ዳይሬክት ሚዲያ ከበራ ማዞሪያው ሁለቱን ስልኮች በቀጥታ ተነጋገሩ ብሎ ከመሐል ይወጣል፤ ሁለቱም ከየራሳቸው ራውተር ኋላ ስለሆኑ አይገናኙም።

ክፍት ሲፕ ፖርት ያለ ጥበቃ አይተዉ። በኢንተርኔት ላይ 5060ን እየፈለጉ የይለፍ ቃል የሚሞክሩ ፕሮግራሞች ያለማቋረጥ ይሠራሉ፤ መስመር 201፣ የይለፍ ቃል 201 ያገኙ ዕለት በእርስዎ ሒሳብ ውድ ወደሆኑ የውጭ ቁጥሮች ሌሊቱን ሙሉ ይደውላሉ። ቢያንስ 16 ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት፣ በማሽን የተፈጠረ የይለፍ ቃል ይስጡ፤ ደጋግሞ የሚሳሳትን አድራሻ የሚዘጋ ፌይልቱባን ይጫኑ፤ ለማያስፈልገው መስመር ዓለም አቀፍ ጥሪን ይዝጉ። የፖርት ቁጥር መቀየር ጩኸቱን ይቀንሳል እንጂ መከላከያ አይደለም። ቅርንጫፉ ቋሚ አድራሻ ካለው ፋየርዎሉ ለእሱ ብቻ እንዲከፍት ማድረግ ከሁሉ የበለጠ ይረዳል። የማዞሪያው ድረ ገጽና የአስተሪስክ ማኔጀር ፖርት 5038 በምንም ምክንያት ለኢንተርኔት አይከፈቱም። የስልኩ የውቅር ፋይልም የይለፍ ቃሉን ስለሚይዝ ምስጠራ በሌለው ቲኤፍቲፒ በኢንተርኔት ላይ አይላክ፤ በኤችቲቲፒኤስ ይሁን።

ቪፒኤን ወይስ ቲኤልኤስ

ብዙ ስልክ ላለው ቅርንጫፍ በሁለቱ ራውተሮች መካከል የተዘረጋ ቪፒኤን ይሻላል፤ ኤንኤቲ ከመሐል ይጠፋል፣ ማዞሪያውም ለኢንተርኔት ምንም ፖርት አይከፍትም። ከቤቱ ለሚሠራ አንድ ሰው ግን ቲኤልኤስና ኤስአርቲፒ ይበቃል፣ ለመደገፍም ይቀላል። ሁለቱ አብረው ነው የሚሄዱት፦ ኤስአርቲፒ የድምፁን ቁልፍ ብዙ ጊዜ በሲፕ መልእክቱ ውስጥ ስለሚልክ፣ መልእክቱ ካልተመሰጠረ ቁልፉ በግልጽ ይሄዳል።

ቪፒኤን ሲመርጡ በዩዲፒ የሚሠራ ይሁን። በቲሲፒ ከሆነ አንድ ፓኬት ሲጠፋ እሱ እንደገና እስኪላክ ከኋላው ያሉት ሁሉ ይቆማሉ፤ በመስመሩ ላይ አንድ የጠፋ ፓኬት በጆሮ ግማሽ ሰከንድ ዝምታ ይሆናል። ሁለቱ ቢሮዎች የውስጥ አድራሻቸውን በየራሳቸው 192.168.1 ብለው የጀመሩ ከሆነም ቪፒኤኑ የትኛው የትኛው እንደሆነ ስለማይለይ አይሠራም። አንዱን ወደ ሌላ ተርታ ይቀይሩ፤ ቢሮው ሳይበዛ ቢደረግ ሥራው ትንሽ ነው።

በቅርንጫፉ ውስጥ

ስልኩ በኬብል ይሰካ። ካት5ኢ እስከ 100 ሜትር ድረስ በቂ ነው። በኬብሉ ኤሌክትሪክ የሚሰጥ ፒኦኢ ስዊች ሲገዙ የፖርቱን ብቻ ሳይሆን የጠቅላላውን ዋት ይመልከቱ፤ በ802.3ኤኤፍ ደረጃ አንድ ፖርት እስከ 15.4 ዋት ይሰጣል፣ ርካሽ ስዊቾች ግን ለሁሉም ፖርት በአንድ ጊዜ ያን ያህል የላቸውም። ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ስልኩ እንዲቆይ ከተፈለገ ሞደሙ፣ ራውተሩና ስዊቹ ሦስቱም በዩፒኤስ ላይ መሆን አለባቸው፤ አንዱ ከቀረ ሁሉም ቀረ። ዋይፋይ የግድ ከሆነ በ5 ጊጋኸርዝ፣ ስልኩ ባለበት ቦታ የሲግናሉ ጥንካሬ ከ-67 ዲቢኤም ያልደከመ ይሁን።

በስልኩ ላይ ዝምታ ሲሆን መላክ አቁም የሚለውን ምርጫ ያጥፉ፤ ተናጋሪው ዝም ሲል ፓኬት ስለሚቆም ራውተሩ መንገዱን ሊረሳ ይችላል። ፋክስ በዚህ መንገድ ለማስኬድ አይሞክሩ፤ ንግግርን የማይጎዳ ጥቂት የፓኬት መጥፋት የፋክስን ገጽ ያበላሻል።

ሲበላሽ የት ይታይ?

ጥሪ በ32 ሰከንድ የሚቋረጠው ስልክ ተነስቷል የሚለው መልስ ሲደርስ የማረጋገጫው መልእክት ግን ስላልተመለሰ ነው። ሲፕ መልሱን እየደጋገመ 32 ሰከንድ ይጠብቃል፣ ከዚያ ይዘጋል። በአድራሻዎቹ ውስጥ የተጻፈ የውስጥ አይፒ ይፈልጉ፤ ምክንያቱ የማዞሪያው የውጭ አድራሻ አለመሞላት ወይም ኤኤልጂ ነው። በ15 ወይም በ30 ደቂቃ አካባቢ የሚቋረጥ ከሆነ ጥሪው አለሁ ብሎ የሚያድስበት መልእክት እየጠፋ ነው፤ የተለመደው የጥሪ ዕድሜ 1800 ሰከንድ ሲሆን እድሳቱ በግማሹ ላይ ይደረጋል።

ምዝገባው ተሳክቶ ጥሪ ብቻ የማይሠራ ከሆነ መልእክቱ ከልክ በላይ ትልቅ ሊሆን ይችላል። ብዙ ኮዴክ የተዘረዘረበት የጥሪ መልእክት ከ1470 ባይት ገደማ ሲያልፍ በዩዲፒ ተቆራርጦ ይሄዳል፣ የተቆራረጠውን ደግሞ ብዙ ፋየርዎል ይጥላል። በቪፒኤን ውስጥ ቦታው ስለሚጠብ ይብሳል። ኮዴኮቹን ወደ ሁለት ይቀንሱ ወይም ሲፑን ወደ ቲሲፒ ያዛውሩ።

በግምት ከመሄድ ይልቅ በማዞሪያው ላይ የሲፕ መልእክቶችን የሚያሳየውን ኤስኤንግሬፕ ያስኬዱ፣ ወይም ትራፊኩን ቀድተው ፓኬቶችን በሚመረምረው ፕሮግራም በዋየርሻርክ ይክፈቱት። ቴሌፎኒ በሚለው ስር የአርቲፒ ጅረቶችን ሲመርጡ የየአቅጣጫውን ጂተርና የጠፋ ፓኬት ያሳያል። አንዱ አቅጣጫ ጭራሽ ከሌለ የኤንኤቲ ወይም የፋየርዎል ጉዳይ ነው፤ ሁለቱም ኖረው አንዱ የተጎዳ ከሆነ የአፕሎድ።

ስልኩን ከማስረከብዎ በፊት አራት ሙከራ ያድርጉ። ከቅርንጫፉ ወደ ዋናው ቢሮ ደውለው ጥሪውን 35 ደቂቃ ያቆዩት። ስልኩን 10 ደቂቃ ሳይነኩ ትተው ከዋናው ቢሮ ይደውሉበት። በሌላ ኮምፒውተር ትልቅ ፋይል ወደ ክላውድ እየጫኑ ይነጋገሩ፣ የሚያዳምጠው ሰው ዋናው ቢሮ ያለው ይሁን። በመጨረሻ የቅርንጫፉን ራውተር ነቅለው ይሰኩና ኢንተርኔቱ ከተመለሰ በኋላ ስልኩ ያለ ማንም እርዳታ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ተመልሶ መመዝገቡን ይመልከቱ።